ማኅደር ውስጥ ያደረው ስልክ

ቄስ እንዳላማውን ሰይጣን በብዙ መንገድ ሞክሮት አልሆነለትም ነበር። በመጠጥ መጣበት፤ ሰውየው አይጠጣም። በመሬት መጣበት፤ ጎረቤቱ ድንበር ገፍቶ ሲያርስበት «ይብላው» ብሎ ተወው። በመጨረሻ በቁጥር መጣበት። መቶ፣ ስልሳ፣ አርባ ሁለት። የስልክ ባትሪ ቁጥር! ይሄ ትዳር ያፈርሳል ብሎ ማን ያስባል? እኔ ብሰማ አላምንም ነበር የሚል ካለ፣ እሱም እንዲሁ አያምንም ነበር።

እንዳላማው ከሮብ ገበያ ወጣ ብላ፣ ወደ ጮቄ ሽቅብ ሲሄዱ በምትገኝ አንዲት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ገና አርባ ያልሞላው ቄስ ነው። ሚስቱ ሥራነሽ ትባላለች፤ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሲኖሩ ልጅ አልሰጣቸውም እንጂ ሌላ የጎደለባቸው ነገር አልነበረም። በዘጠኙ ዓመት ውስጥ እሷ ምን ሠራች፣ የት ዋለች ብሎ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ለምን ይጠይቃል? የት እንደምትውል ያውቃላ!

ስልኩን ያመጣላቸው የሥራነሽ ወንድም አንተነህ ነው። በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሰው ተጠቅሞበት የሸጠው ግን ገና ጥሩ የሆነ፣ ፊቱ መስተዋት የሚመስል ስልክ ገዝቶ አመጣ። የዕለቱን ስንክሳር፣ ግጻዌውን፣ ድርሳኑን ሁሉ ጫነለት። እንዳላማው ደስታውን አልቻለውም። ችግሩ፣ ስልኩ አንድ ክረምት እንኳ በወጉ ሳያገለግል የቻርጀር መሰኪያው ውሃ ገባበትና ዛገ። ይዞት ደብረ ማርቆስ ወረደ፤ አወቀ የሚባል ስልክ ጠጋኝ ዘንድ።

«መሰኪያውን ልነካካው ብል ስልኩን ልገድለው እችላለሁ፣ አባ» አለው አወቀ መስቀሉን ተሳልሞ። «ይሄ ስልክ ግን ገመድ የግድ አያስፈልገውም። በሳህን ይሞላል።»

ሳህን ያለው የብርጭቆ ማስቀመጫ የሚያክል ጥቁር ክብ ነገር ነው። አወቀ ስልኩን እላዩ ላይ ሲያስተኛው ጢው አለና መሙላት ጀመረ። እንዳላማው አማተበ።

«በአየር ነው የሚሄደው?»

«በአየር ነው፣ አባ። አጋድሞ መተው ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።»

ሌላ ሥራ የለውም ብሎ አሰናበተው። እንዳላማው ግን ሥራ ፈጠረለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንክሳር የያዘ ዕቃ ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ማየት ለእንዳላማው ነውር ሆነበት። ዳዊቱ የቆዳ ማኅደር አለው። ውዳሴ ማርያሙ የቆዳ ማኅደር አለው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ድርሳን ያለበት ስልክ ለምን ይራቆታል? ደብረ ወርቅ ላሉ ማኅደር ሰፊ ልክ ሰጥቶ፣ ከፍየል ቆዳ፣ ክዳን ያለው፣ ልክክ የሚል ማኅደር አሰፋለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ ከማኅደሩ የሚወጣው ሊነበብ ወይም ሊደወልበት ነው። ሳህኑ ላይ ሲያስተኛውም ከነማኅደሩ ነው። ሳህኑ ቆዳውን አልፎ ይሞላዋል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሞላል።

በዚያ ላይ ደግሞ ብርዱ አለ። የዚያን አገር፣ የሲናንን ብርድ የማያውቅ አይፍረድበት። ብርድ ባትሪ ይጎዳል ሲሉ ሰምቶ፣ ማታ ማታ ማኅደሩ ላይ አሮጌ ጋቢ እጥፍ አድርጎ ይደርብለታል። ለኪዳን ሲነሣ ጋቢውን ገልጦ ይዳስሰዋል፤ ትኩስ ነው። ትኩስነቱ ደስ ይለው ነበር። የጠገበ ጥጃ ሆድ የነካ ይመስለዋል።

ሥራነሽ አንድ ቀን ነክታው እጇን ሰበሰበች።

«ይሄ ነገር ያቃጥላል እኮ። ምነው ባትሸፍነው?»

«አንቺ ደግሞ! ብርድ እንዳይመታው ነው።»

እሷም ተወችው። የስልክ ነገር እሱ ያውቃል ብላ ነው።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ከምናምን አለፈ። የ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ገባ።

በጾም ቅዳሴው የሚያበቃው ከቀትር በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስልክ ይዞ መቅደስ አይገባም፤ ስለዚህ እንዳላማው ጠዋት ስልኩን ከሳህኑ ያነሣና መቶ መሙላቱን አይቶ፣ ከነማኅደሩ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ከጾሙ ሁለተኛ ሳምንት በአንዱ ቀን ሲመለስ ስልሳ ሆኖ ቆየው።

«ማን ደውሎ ነበር?» አላት።

«ማንም።»

«አንቺስ አልደወልሽም?»

«ማን ጋ ልደውል?» አለች፤ ሳቀችም።

የተደወለባቸውን ቁጥሮች ከፈተና አየ። ከትናንት ወዲያ እሱ ራሱ ለመምህሩ ለመሪጌታ ገዳሙ ልጅ የደወለው ብቻ ነው ያለው። ልቡ መለስ አለለት። በማግስቱ አርባ ስምንት ሆኖ አገኘው። ከዚያ አርባ ሁለት። ቁጥሮቹን እንደገና ከፈተ፤ ምንም የለም። የለም? ካልተደወለበት ምን በላው? ሮብ ገበያ ላይ ጎረምሶች የደወሉትን ቁጥር በአውራ ጣታቸው ሲያጠፉ አይቷል። ማጥፋት ይቻላል። ነገሩ የገባው ያኔ ነው፤ የገባው የመሰለው ማለቴ ነው። ስልኩ ላይ ምንም አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ታየው። ሰው አንዴ ወደዚያ ካዘነበለ እንግዲህ ምን ይመልሰዋል?

የቄስ ጥርጣሬ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ጥርጣሬ አይደለም። ሌላው ቢጠረጥር ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ካልሆነም ፈትቶ ሌላ ያገባል። ቄስ ሚስቱ ሌላ ወንድ ካወቀች ወይ እሷን ይተዋል ወይ መቅደሱን ይተዋል፤ ሁለቱንም ይዞ መቀጠል የለም። ከፈታት ደግሞ በክህነቱ ላይ ሌላ ሚስት አይጨመርም፤ ዕድሜ ልኩን ብቻውን ነው። እንዳላማው ይሄን ሁሉ ያውቃል። ጽዋውን ይዞ ሲቆም እንባው ይመጣበት ጀመር። እሷ በድላ ከሆነ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? እያለ ይቀድሳል። ሕዝቡ እንባውን አይቶ «ምን ዓይነት ቅን አባት ነው!» ይላል።

መስቀል ሲያሳልም የወንዶቹን ፊት መመርመር ጀመረ። ይሄ ይሆን? ወይስ ይሄ? የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጎንበስ ሲል፣ ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው ልጅ ጎንበስ ሲል፣ የሁሉንም አናት ከላይ እያየ በልቡ ይመዝናል። አንድ ቀን ቅዳሴው እንዳለቀ ምግብ እንኳ ሳይቀምስ እየሮጠ መጣና አጥሩ ሥር ተለጥፎ አዳመጠ። ቄስ! በአጥር ሥር! ከውስጥ የሥራነሽ ድምፅ ተሰማ።

«ሂድ ውጣ ከዚህ! ነገ ትመጣና ትለምነኛለህ!»

በሩን በርግዶ ሲገባ አውራ ዶሮውን ከምስሩ ላይ እያባረረችው ነው።

«ምን ሆንክ? ማን አባረረህ?» አለችው ደንግጣ።

«ምንም» አለና ስልኩን አነሣ። አርባ። ዶሮው አላጽናናውም፤ ቁጥሩ አለ።

በዚያው ሳምንት ጧፍ ልገዛ ብሎ ደብረ ማርቆስ ወረደ። ስልኩን አጥፍቶ ከነማኅደሩ በደረቱ ኪስ ይዞታል። አወቀ ሱቅ ሲገባ ሁለት ጎረምሶች ቆመው ያንን ጥቁር ሳህን እያገላበጡ ያያሉ። ስልኩን አውጥቶ «ይሄው፣ እየው» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን አፈረ። ሰው ሁሉ ሆዱን የሚያነብበት መሰለው።

«አንድ ወዳጅ አለኝ» አለ። «እንደኔው በሳህን ነው ስልኩን የሚሞላው። ገመድ አልባ ቻርጅ ባትሪ ቶሎ ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?»

አወቀ ውሸታም ሰው አይደለም። ገዢ ፊቱ ቆሞ ነበር እንጂ።

«ኧረ ወዲያ! ማን ነው እንዲህ የሚለው? ገመድ ሻጮች ናቸው የሚያስወሩት፣ አባ። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት በሱ ነው የምሞላው፤ ይኸው እስከ ማታ ያደርሰኛል።»

«ታዲያ ማንም ሳይነካው ከመቶ ወደ አርባ የሚወርደው በምን ምክንያት ነው?»

«ማንም ሳይነካው?» አወቀ ወደ ጎረምሶቹ ዞር አለና ጠቀሳቸው። «ማንም ሳይነካው በግማሽ ቀን እንዲህ የሚወርድ የለም። አንድ ሰው ሲያወራበት ውሏል። ወዳጅዎ ሚስት አለችው?»

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ። እንዳላማውም ፈገግ ለማለት ሞከረ። ጧፉን ሳይገዛ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ሥራነሽ ለነገ ምስር እየለቀመች ነበር። ተቀመጥ ብትለው አልቀመጥም አለ። ቆሞ፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉንም ነገራት፤ ስልሳውን፣ አርባ ስምንቱን፣ አርባ ሁለቱን፣ አወቀ ያለውን። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋ እንደወጣ ቀረ።

«በባትሪ ነው የጠረጠርከኝ?»

«ማን ነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

«እንዳላማው፣ ደኅና ነህ?»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ገዳሙ ባሉበት የቤተ ክርስቲያኑን በር ቀለበት ይዘሽ ትምያለሽ። ከማልሽ ነገሩ ያበቃል።»

ሥራነሽ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና ተነሣች። እሷ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ የዚያን ቀን ግን ተናገረች።

«አብረን ቆርበን አይደለም ወይ የተጋባነው? ዘጠኝ ዓመት አብረን አልቆረብንም? ሥጋ ወደሙ ያላሳመነህን የበር ቀለበት ያሳምንሃል? እኔ ለስልክ ብዬ የኪዳነ ምሕረትን ስም አልጠራም። አልምልም!»

«ካልማልሽ አለብሽ ማለት ነው።»

«እንግዲያው አለብኝ በል።»

ያኔ እንኳ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይሻል ነበር። እሱ ግን «አለብሽ» አለ። በጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባቷ ወደ አማኑኤል ሄደች። በአጥሩ በር ስትወጣ ዞራ አየችው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያው ዕለት መሪጌታ ገዳሙ ዘንድ ሄዶ ከእንግዲህ መቅደስ አልገባም አላቸው። መሪጌታ ድጓ ያስተማሩት፣ ለሰማንያ የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። እሱም አብሮ አደግ ጓደኞቹም የኔታ ነው የሚሏቸው።

«ምን አየህ?» አሉት።

«ቁጥር አየሁ፣ የኔታ።»

«የምን ቁጥር?»

አስረዳቸው። እስኪጨርስ ሰሙት።

«እኔ ይሄን ዕቃ አላውቀውም» አሉ። «ሥራነሽን ግን አውቃታለሁ። አንተስ አታውቃትም?»

«ሰው ናት፣ የኔታ። ሰው ይሳሳታል።»

«አንተስ ምንድን ነህ?» አሉት፤ እሱ ግን ጆሮ አልሰጣቸውም።

ቄስ መቅደስ መግባት ሲያቆም፣ ሚስቱም ስትጠፋ፣ ሕዝብ ደምሮ ለማወቅ አይቸገርም። በሚቀጥለው ገበያ ሮብ ገበያ ላይ «የቄሱ ሚስት በስልክ ተያዘች» ይባል ጀመር። ማን እንዳያት፣ ከማን ጋር እንደተያዘች አንድም ሰው አያውቅም፤ ወሬው ግን ደብረ ማርቆስን አልፎ አማኑኤል ገባ። የሥራነሽ አባት አቶ አንሙት በሕይወታቸው ከማኅበር ቀርተው የማያውቁ ሰው ናቸው። በዚያ ወር ቀሩ። ታመሙ ወይ ተብለው ሲጠየቁ «አዎ» አሉ እንጂ ሌላ አልመለሱም።

እንዳላማው ከሥራነሽ መሄድ በኋላ ስልኩን አይንህን ለአፈር ብሎ አጥፍቶ ሣጥን ውስጥ ከቶት ነበር። ጠዋት ተነሥቶ ከምእመናኑ ጋር ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቀዝቃዛ ቤት ይመለሳል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ኖረ። ቆሎ እየቆረጠመ ነው የሚያድረው። አንድም ቀን ልሂድና ላምጣት አላለም። እሷ ትምጣና ትማል አለ እንጂ።

ለሆሳዕና ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን አንተነህ ከመንገድ ይደውል ይሆናል፣ እህቱን ምን አደረግክ ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል ብሎ ስልኩን አወጣ። እንደ ልማዱ ከነማኅደሩ ሳህኑ ላይ አስተኛው፣ ጋቢውንም ደረበ። ጠዋት ሲያየው መቶ ብሏል። መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው፣ ቤቱን በጓጉንቸር ቆለፈ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ፣ ሄደ።

ሲመለስ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ስልኩን አነሣው። ሠላሳ አራት ይላል።

መጀመሪያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሌባ ፈለገ። አዎ፣ ሌባ! አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ጓዳ ገብቶ ከጎታው ኋላ አየ። ከዚያ መሐል ቤት ቆመ። ቤቱ ውስጥ ከሱ በቀር ማንም የለም፤ ማንም አልነበረምም።

አሁንም አላመነም። በማግስቱ እንደገና መቶ አድርጎ፣ እንደገና ቆልፎ ሄደ። ሠላሳ አንድ ሆኖ ቆየው። ከማኅደሩ ሊያወጣው ሲሞክር ስልኩ እምቢ አለ፤ አልወጣ አለ። ስፌቱን በቢላ ተርትሮ ሲያወጣው ጀርባው አብጦ፣ መስተዋቱ ከጠርዙ ተላቋል።

«ወይኔ እንዳላማው! ወይኔ!» ብሎ መሬት ላይ ተደፋ። ጎረቤት ሰምቶ ሰው ሞቶበት ነው ብሎ መጣ።

በነጋታው አወቀ ሱቅ የገባው ሰላም ሳይል ነው። ያበጠውን ስልክ፣ የተተረተረውን ማኅደር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አወቀ ማኅደሩን አንሥቶ አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና ማኅደሩን አየ።

«አባ! በዚህ ውስጥ ሆኖ ነው ሳህኑ ላይ ያስተኙት የነበረው?»

«ከነማኅደሩ። ጋቢም እደርብበት ነበር።»

«ጋቢ!» አወቀ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጠበሱትኮ! ገመድ አልባው ሲሞላ ከገመዱ ትንሽ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ከወጣ ግን ያን ያህል አይጎዳውም። እርስዎ ቆዳ አልብሰው፣ ጋቢ ደርበው፣ ሙቀቱን መውጫ አሳጡት። ሌሊቱን ሙሉ ሲግል ያደረ ባትሪ ውስጡ ያልቃል። መቶ ይልዎታል እንጂ መቶ የለውም። ቁጭ ባለበት ይወርዳል።»

«ቁጭ ባለበት።»

«ቁጭ ባለበት።»

«አይጎዳም አላልከኝም? ሰው ሲያወራበት ነው አላልከኝም?»

«አባ፣ እርስዎ ወዳጄ አሉኝ እንጂ ይሄን ቆዳ መቼ አሳዩኝ? እኔ እኮ ያንን ያልኩት ለቀልድ...»

አወቀ ቃሉን አልጨረሰም። የእንዳላማውን ፊት አየ። ወዳጄ የተባለው ማን እንደነበረ ገባው፤ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣውን ወሬም አስታወሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። አዲስ ባትሪ ላስገባልዎት፣ ገንዘብ አልፈልግም ብሎ ለመነው። እንዳላማው ያበጠውን ስልክ ብቻ አንሥቶ ወጣ። ለሥራነሽ ላሳያት ብሎ ነው።

በማግስቱ መሪጌታ ገዳሙን ይዞ አማኑኤል ሲደርስ ከቀትር በኋላ ነበር። አቶ አንሙት አጥር ግቢ ከመግባቱ በፊት ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ። ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ ጎብጦ ገባና ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። ቄስ ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ ያየ ጎረቤት ሁሉ አጥሩን ሞላው። አቶ አንሙት ከቤት ወጥተው አዩት፤ «ግባ»ም አላሉ፣ «ውጣ»ም አላሉ። ከስተዋል።

መሪጌታ ተናገሩ። ልጁ አጥፍቻለሁ ብሏል፣ ሥራነሽ እንከን የለባትም ብሏል፤ ይሄንንም በነገው ዕለት በአውደ ምሕረት ቆሞ ለሕዝቡ ሊናገር ቃል ገብቷል አሉ። አጥሩ ላይ ያሉት ሴቶች እልል ሊሉ ዳዳቸው። ሥራነሽ ከውስጥ ወጣች። ነጠላዋን አገልድማለች፣ እጇ ሊጥ ነክቶታል። ፊቱ መጥታ ቆመች።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችው።

«ትናንት። አይደለም፣ ከትናንት ወዲያ።» ድንጋዩ ተጭኖት ቀና ማለት አልቻለም። «ሥራዬ፣ በኪሴ ይዤዋለሁ፣ እዪው። አብጧል። ባዶ ቤት ቆልፌበት ሄጄ ሠላሳ አራት ሆኖ ቆየኝ። ማንም አልነካውም። አንቺ አልነካሽውም!»

«እሱን እኔ ድሮም አውቀዋለሁ።»

«አሁን እኔም አወቅኩ!»

«ስልኩ ነዋ የነገረህ» አለች።

እሷ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራቱ አነሣች። ከባድ ነበር፤ አባቷ ሊያግዟት ሲመጡ «ተወው አባዬ» አለችና ራሷ መሬት አወረደችው። ሴቶቹ አሁን እልል አሉ። እንዳላማው ፊቱ በእንባ ታጥቦ ቀና አለ፤ እጇን ሊይዝ ዘረጋ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች እጇን ሳትሰጠው። «ከልቤ ነው። እግዜርም ይቅር ይበልህ። ግን አልመለስም።»

እልልታው ቆመ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ። «ይቅር ካልሽው ምን ቀረ? እሱ እኮ ሌላ ማግባት አይችልም። ብቻውን ሊቀር ነው።»

«አውቃለሁ፣ የኔታ። እኔም ሌላ አልፈልግም። ግን ይንገሩኝ እስቲ። ባትሪው ደኅና ቢሆን ኖሮስ? ባያብጥ ኖሮስ? እኔ እስከ ዕለተ ሞቴ አመንዝራ ነበርኩ ማለት ነው? መጀመሪያ ስልኩ አለባት ሲለው አመነ። አሁን ስልኩ የለባትም ሲለው አመነ። እኔን ግን አንድ ቀን አላመነኝም። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ቢነግረው እኔ በምን እከራከራለሁ?»

መሪጌታ በትራቸውን ይዘው ቆሙ። እንዳላማው ተንበርክኮ እንዳለ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ።

«ሥራነሽ፣ ምን ላድርግ? ምን ባደርግ ትመለሻለሽ?»

«አሁን ምንም የለም። ቀድሞ ግን ነበረ።» ቀሚሷን ከእጁ ቀስ ብላ አስለቀቀች። «ስልኩን ከማየትህ አንድ ቀን ቀድመህ ብትመጣ፣ አላውቅም፣ አልገባኝም፣ ግን ነይ ብትለኝ፣ ጫማዬን ሳላጠልቅ ነበር የምከተልህ። በየቀኑ መንገዱን ሳይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ልትመጣ አስበህ ነበር?»

ግቢው ሁሉ መልሱን ጠበቀ። እንዳላማው አስቤ ነበር ሊል አፉን ከፈተ። አላሰበም ነበር። አፉን መልሶ ገጠመው፣ እሷም ሊጧ ሳይደርቅባት ልትጨርስ ወደ ቤት ገባች።